ማለዳ የሚንኳኳ ሞተር ለሞያሌ መንገድ ይበቃል?

ኪያማይኮ ሳይነጋ ይነቃል። ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከሁሩማ ጎን ባለው በዚህ የፍየልና የበግ ገበያ፣ ከሰሜን የመጡ የጭነት መኪኖች ሌሊቱን ደርሰው ያራግፉና ጥግ ይዘው ያድራሉ። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ተከናንቦ ሁለት ሦስት ሰዓት ያሸልባል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ያቃስታል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ከዚያም ብረት ብረትን የሚመታ የሚመስል «ቃቃቃ» ለጥቂት ሰከንድ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ሹፌሩ ነዳጅ ይረግጣል። ድምፁ ይጠፋል። እሱም ረዳቱም ነገሩን ይረሱታል።

ይህ ድምፅ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይበረታል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ወደ 11 እና 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ሞያሌ ከናይሮቢ ዝቅ ያለች ስለሆነች ማለዳዋ ሞቅ ይላል። ስለዚህ ናይሮቢ ላይ ሲንኳኳ ያደረው ሞተር ሞያሌ ሲደርስ ዝም ይላል። ከብቱ የሚጫነው ደግሞ ሞያሌ ላይ ነው። መኪና የሚከራየው ነጋዴ የሚሰማው እንግዲህ ሕመሙን የደበቀ ሞተር ነው።

ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኮረኮንቹ ዘመን ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ አስፋልቱ ካለቀ ወዲህ በጣም አጥሯል። ይህ ለከብቱ መልካም ነው፤ ለሞተሩ ግን ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ለረጅም ሰዓት ያለ ዕረፍት መሥራት ማለት ነው። ዲዳ ጋልጋሉ ሜዳ ላይ፣ ወይም በላይሳሚስና በመሪሌ መካከል ሞተሩ ተጣብቆ ቢቆም ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። ሃያ ገደማ በሬ የጫነ መኪና ሲሄድ ነፋስ ያገኛል። ሲቆም ብረቱ ይግላል፣ የደከመው በሬ ይተኛል፣ የተኛው ይረገጣል። ሌላ መኪና ቢመጣ እንኳ ከብቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወሪያ የሚሆን ቦታ ላይገኝ ይችላል። የሞተሩ ጥገና የባለ መኪናው ዕዳ ነው። የከሳውና የሞተው ከብት ግን ብዙ ጊዜ በነጋዴው ላይ ይቀራል፤ ውሉ በቃል ብቻ የታሰረ ከሆነማ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

«ወፈር ያለ ጨምርበት»

ማለዳ ስለሚንኳኳ ሞተር ሲጠየቅ በየጋራዡ ቶሎ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ዘይቱ ቀጥኗል፣ ወፈር ያለ ይጨመርበት። መልሱ አንድ እውነት አለው። ባረጀ ሞተር ውስጥ በተበሉት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው፤ ወፍራም ዘይት ክፍተቱን ይሞላና ድምፁን ያለዝበዋል። ማለዳ ለሚሰማው ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ይህ አይደለም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ጠፍቶ ሲያድር ዘይቱ ከላይ ወርዶ ከሥር ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ይተኛል። ብረቶቹ ላይ የሚቀረው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ቁልፉ ሲዞር ፖምፓው ዘይቱን ከታች ስቦ፣ በፊልትሮው አሳልፎ፣ በጠባብ መተላለፊያዎች ወደ ብሮንዚናዎቹ፣ በመጨረሻም ከላይ ወዳሉት ቫልቮላዎች ማድረስ አለበት። ዘይቱ በሰዓቱ ከደረሰ ድምፁ አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ያልቃል። ዘይቱ የወፈረ ከሆነ ግን ፖምፓው ይታገላል፣ መንገዱም ይረዝማል። በ10 ዲግሪ ላይ ነጠላ ቁጥር ያለው 50 ዘይት፣ 15 ደብልዩ 40 ተብሎ ከሚሸጠው ዘይት ሦስት እጥፍ ገደማ ይወፍራል። ማር ከቀዝቃዛ ጋን ሲቀዳና ፀሐይ ላይ ከዋለ ጋን ሲቀዳ ያለው ልዩነት ይህንን ይመስላል።

እዚህ ላይ ብዙ ልምድ ያላቸውን ሹፌሮች ጭምር የሚያታልል ነገር አለ። ዘይቱ ሲወፍር የዘይት ግፊት መለኪያው ጠዋት ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ሹፌሩም ሞተሩ የጠነከረ ይመስለዋል። ነገር ግን ግፊት ማለት ፍሰት ማለት አይደለም። ወፍራሙ ዘይት መተላለፊያው ላይ ሲጨናነቅ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የፖምፓው ማስተንፈሻ ተከፍቶ ከፊሉን ዘይት ወደ ሥር ይመልሰዋል። ከፊልትሮው ጋር ያለው ማለፊያም ይከፈትና ያልተጣራ ዘይት ወደ ብሮንዚናዎቹ ይሄዳል። መለኪያው ከፍ ብሎ ሳለ ላይኛው የሞተር ክፍል ገና ዘይት እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ድምፅን መለየት

የናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ጠዋት ጮክ ይላል። ሲሊንደሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ የተረጨው ናፍጣ ወዲያው አይቀጣጠልም፤ ትንሽ ይጠራቀምና በአንድ ጊዜ ይነድዳል። ያ ደረቅ «ጠቅ ጠቅ» ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይለዝባል። ነጭ ጭስ ከበዛበትና ሞተሩ እየተንገጫገጨ የሚነሣ ከሆነ ካንዴሌታ ያለው ሞተር ካንዴሌታው ይታይ፤ ኖዝሉም ይፈተሽ። ይህ የዘይት ጉዳይ አይደለም፣ ዘይት በመቀየርም አይድንም።

ሁለተኛው ከላይ፣ ከቴስታታው አካባቢ የሚሰማ ቀጭንና ፈጣን ምት ነው። በሁለት ሦስት ሰከንድ ከጠፋ ዘይቱ ዘግይቶ እየደረሰ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ የቫልቮላ ክፍተቱ ሰፍቷልና ፑንቴሪያ ይስተካከል። ሥራው ለሠለጠነ መካኒክ ከባድ አይደለም፤ ሆኖም ብዙ ባለ መኪኖች እስኪነገራቸው ድረስ አያስታውሱትም።

ሦስተኛው ድምፅ ብዙ ጊዜ ርካሽ መፍትሔ ያለው ነው፦ ሞተሩ እንደተነሣ የሚሰማ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ የሚቆይና ከመብራቱ ጋር አብሮ የሚጠፋ መንቀጫቀጭ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፊልትሮው ነው። ተጋድመው ወይም ተገልብጠው የሚገጠሙ ፊልትሮዎች ውስጣቸው ዘይቱ ሌሊት ወደ ሥር እንዳይመለስ የሚያግድ የጎማ ክዳን አላቸው። ርካሽ ፊልትሮ ላይ ይህ ጎማ ቶሎ ይደርቃል፤ አንዳንዱ ላይማ ከመጀመሪያውም በደንብ አይገጥምም። ፊልትሮው ባዶ ሆኖ ካደረ ፖምፓው በየማለዳው መጀመሪያ እሱን መሙላት አለበት። ዘይቱን ከማወፈር በፊት በአምራቹ ቁጥር የተገዛ ፊልትሮ ገጥሞ፣ በተከታታይ ሁለት ማለዳ ማዳመጥ ብዙ ወጪ ያድናል።

አራተኛው ከታች የሚመጣው ከባድ ድምፅ ነው። እንደ መዶሻ «ዱም ዱም» ይላል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ወይም ጭነት ሲበዛ ይጨምራል፤ ሞተሩ ሲሞቅና ዘይቱ ሲቀጥን ይብስበታል። ይህ የቢየላ ወይም የኮሎ ብሮንዚና ነው። በዚህ ድምፅ ላይ ከብት አይጫንም። የትኛውም ዘይት፣ የትኛውም በጠርሙስ የሚሸጥ «ሞተር አዳኝ» መድኃኒት የተበላ ብሮንዚና አይመልስም። የሚያደርገው ድምፁን ለጊዜው ማፈን ነው፤ የታፈነውም ድምፅ ወደ ቲማው በሚወስደው ዳገት ላይ ይመለሳል። ከኢሲኦሎ 1,100 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በኬንያ ተራራ ሥር ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋው ያ አቀበት ለተጫነ መኪና ከመንገዱ ሁሉ ከባዱ ፈተና ነው።

ጄሪካኑ ላይ የተጻፈው

ዘይት ሲገዛ ብዙ ሰው ቀለሙንና የኩባንያውን ስም ያያል። ሊነበቡ የሚገባቸው ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ውፍረቱና ደረጃው።

ውፍረቱን የሚናገረው የኤስ ኤ ኢ ቁጥር ነው። 15 ደብልዩ 40 ሲባል፣ ደብልዩ በእንግሊዝኛ ክረምት የሚለው ቃል መነሻ ፊደል ነው፤ ከፊቱ ያለው ቁጥር ዘይቱ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚሆን ይናገራል። ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይፈስሳል። የኋለኛው ቁጥር በ100 ዲግሪ፣ ማለትም ሞተሩ በሚሠራበት ሙቀት፣ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ነው። 15 ደብልዩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ 20 ደብልዩ ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ሞተር የማስነሣት ፈተና ያልፋሉ። ናይሮቢ በረዶ ስለሌለ ሁለቱም መኪናውን ያስነሣሉ። ጥያቄው መነሣቱ አይደለም፤ ዘይቱ ከላይ የሚደርስበት ፍጥነት ነው። ያለ ደብልዩ 40 ወይም 50 ብቻ የተጻፈበት ዘይት በቅዝቃዜ ምንም ዓይነት ፈተና አልፏል ተብሎ አይታሰብም።

በረሃውስ? በማርሳቢት ግራና ቀኝ ባለው ቆላ የቀኑ ሙቀት ያስፈራል፤ ብዙዎች 50 የሚመርጡት ለዚህ ነው። ነገር ግን ጤነኛ ሞተር ውስጥ የዘይቱን ሙቀት የሚወስነው ከውጭ ካለው አየር ይልቅ ማቀዝቀዣውና ጭነቱ ነው። ራዲያተሩ ንጹሕ፣ ቀበቶው ያልላላ ከሆነ፣ 40 ለላይሳሚስ ቀትርም ይበቃል። በኢሱዙና በሚትሱቢሺ ፉሶ ዓይነት የጃፓን የጭነት መኪኖች ላይ 15 ደብልዩ 40 እጅግ የተለመደው ምርጫ ነው። የመጨረሻው ቃል ግን የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከጠፋ በሻሲ ቁጥሩ አማካይነት የአምራቹን ወኪል መጠየቅ ይቻላል። 20 ደብልዩ 50 ቦታ የለውም ማለት አይደለም፤ ዘይት የሚበላና ለኪራዩ ብዙም ያልቀረው አሮጌ ሞተር ጥገናው እስኪደርስ በእሱ ሊሄድ ይችላል። ያ ግን ማቆያ እንጂ ፈውስ አይደለም።

ደረጃው በኤ ፒ አይ ፊደላት ይጻፋል። ኤስ ብሎ የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር፣ ሲ ብሎ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ሲ ኤፍ-4 የ1990 (እ.ኤ.አ.)፣ ሲ ኤች-4 የ1998፣ ሲ አይ-4 የ2002፣ ሲ ኬ-4 የ2016 ደረጃዎች ናቸው። ፊደሉ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ጥላሸትን የመሸከምና ብረትን ከመበላት የመከላከል አቅሙ ይጨምራል። አሁንም በየሱቁ ርካሽ የሚሸጠው ዘይት ሲ ኤፍ-4 ወይም ከዚያ በፊት የነበረ ደረጃ ሊሆን ይችላል። ተርቦ ላለው የተጫነ መኪና ሲ ኤች-4 ዝቅተኛው፣ ሲ አይ-4 ደግሞ ምቹው ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። ጄሪካኑ ላይ ጃሶ ዲ ኤች-1 የሚል ካለ የጃፓን አምራቾች ለናፍጣ መኪኖቻቸው ያወጡትን መለኪያ ያሟላል ማለት ነው፤ ዲ ኤች-2 የጭስ ማጣሪያ ላላቸው አዳዲስ መኪኖች ነው።

እግረ መንገድ፦ ገበያ ለገበያ የሚዞርበት ፕሮቦክስ ያለው ነጋዴ ከጭነት መኪናው በርሜል የተረፈውን ዘይት ወደ ትንሿ መኪና መገልበጥ የለበትም። ያች የቤንዚን ሞተር ናት፤ የምትፈልገው በጣም ቀጠን ያለ፣ ለምሳሌ 5 ደብልዩ 30፣ ኤስ የሚል ፊደል ያለበት ዘይት ነው።

ጥቁር ዘይትና ቀጭን ዘይት

ዘይቱ በተቀየረ በጥቂት ቀን መጥቆሩ ሰውን ያስደነግጣል። በናፍጣ ሞተር ይህ የተለመደ ነው፤ ዘይቱ ጥላሸቱን ከብረቱ አጥቦ ስለያዘ ጠቆረ። የሚያሳስበው ሌላ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ ሲታይ መጠኑ ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው፤ ኖዝል ወይም ፖምፓ ያንጠባጥባል። ያኔ 15 ደብልዩ 40 ተብሎ የተሞላው ዘይት በተግባር ሌላ ነገር ሆኗል፣ ማለዳ መንኳኳቱም ከዚህ ሊሆን ይችላል። አንድ ጠብታ በሶፍት ወይም በነጭ ወረቀት ላይ አንጠብጥቦ ጥቂት ሰዓት ማቆየት ይረዳል፤ ጥቁሩ መሐል ላይ ቀርቶ ዙሪያውን ሰፊ ፈዛዛ ክብ ከሠራ ናፍጣ አለበት ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ቡና በወተት ከመሰለ ደግሞ ውኃ ገብቷል፤ ያ መኪና ከቦታው መነሣት የለበትም።

ዘይት የሚቀየርበት ጊዜም ከመንገዱ ጋር ተለውጧል። አንድ ደርሶ መልስ 1,600 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ5,000 እቀይራለሁ የሚል ባለ መኪና በሦስት ምልልስ ይደርስበታል። ድሮ መንገዱ ሲዘገይ ያ ወራት ይወስድ ነበር። ዛሬ ገበያ በደራበት ሰሞን ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ሊሞላ ይችላል። በቀን መቁጠሪያ የሚቀይር ሰው ሳያውቀው እጥፍ ይነዳል። የናፍጣው ዓይነትም ይቆጠራል። በኬንያና በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ከጥር 2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማደያ የሚሸጠው ናፍጣ ድኝ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ50 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ድኙ የበዛ ናፍጣ ሲነድድ አሲድ ይፈጥራል፤ ዘይቱ ያንን አሲድ የሚያከሽፍበት ኃይል ቶሎ ያልቅበታል። ምንጩ ካልታወቀ ጄሪካን መንገድ ላይ የሚቀዳ ሹፌር የዘይት መቀየሪያውን ማሳጠር አለበት።

ሐሰተኛ ዘይት የትም አለ፤ ታዋቂ ስም ባለው ባዶ ጄሪካን ውስጥ የተጣራ አሮጌ ዘይት ሞልቶ መሸጥ የቆየ ማጭበርበር ነው። ከክዳኑ ሥር ያለው ማኅተም ይታይ። የኬንያ የደረጃዎች ቢሮ፣ ኬብስ፣ ምልክት ከሥሩ የፈቃድ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ኤስ ኤም ከሚሉት ፊደላት ጋር በአጭር መልእክት ወደ 20023 ልኮ ማጣራት ይቻላል። ባዶውን ጄሪካን ከመጣል በፊት መብሳትም ጥሩ ልማድ ነው።

ከመጫን በፊት

ሞተር ሲነሣ ነዳጅ ረግጦ «ማጽዳት» መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ያ ሰዓት ዘይት ገና ያልደረሰበት፣ ተርቦው በደረቁ የሚዞርበት ሰዓት ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ማቆየት፣ ከዚያም ሙቀቱ እስኪነሣ ረጋ ብሎ መንዳት ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ማሞቅ ናፍጣ ከማባከን በቀር ጥቅሙ ትንሽ ነው። ከዳገት የመጣ ሞተርም በድንገት አይጠፋም፤ ተርቦው እስኪበርድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠበቃል።

መኪና ሊከራይ የሚሄድ ነጋዴ ደግሞ ቀድሞ መድረስ አለበት። ሞተሩ ቀድሞ ከተነሣ ምንም አይሰማም። እጁን ራዲያተሩ ላይ ያሳርፍ፤ ለብ ካለ አንድ ሰው አሙቆታል፣ ምክንያቱን መጠየቅ ነውር አይደለም። ቀዝቃዛ ከሆነ ቁልፉ ሲዞር መብራቱን እያየ ይቁጠር። የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ካልጠፋ፣ እስከ አሥር ድረስ ተቆጥሮም ከበራ፣ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ።

ሞያሌ ላይ ግን ከብዙ ሰዓት ጉዞ የመጣ መኪና እንዲህ እስኪበርድ ማን ይጠብቃል? ስለዚህ አንዳንድ ነገር ከናይሮቢ መጀመር አለበት። ከብቱን ኪያማይኮ፣ ንጂሩ ወይም ዳጎሬቲ ላይ የሚቀበል ሸሪክ ያለው ነጋዴ፣ መኪናው ባዶውን ወደ ሰሜን ከመነሣቱ በፊት ማለዳውን እንዲቀዳለት ሊጠይቅ ይችላል። ስልኩ ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ይከፈት፤ መጀመሪያ የመብራት ሰሌዳው፣ ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ይቀዳ፤ ሠላሳ ሰከንድ ይበቃል። ያች ቅጂ በዋትስአፕ ሞያሌ የምትደርሰው መኪናው ቲካን ሳያልፍ ነው፤ ነጋዴውም መኪናው ከመድረሱ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ሌላ ለመፈለግ ይተርፈዋል።